የውሰት ግንባር

በሁለት ሺህ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ደሴ ውስጥ ሽማግሌ ጠፋ።

ሰዎቹ አልጠፉም። በየቤታቸው ነበሩ፤ ጠዋት ጉልበታቸውን በቅባት ያሻሉ፣ ማታ መድኃኒታቸውን ቆጥረው ይውጣሉ። የጠፋው መልካቸው ነው። ሁሉም ሰው የሚያየው ከብሌኑ ጋር በተዋሐደ ሌንስ ነበር፤ ሌንሱ የሚያሳየው ደግሞ ቀበሌው በየዓመቱ አስተካክሎ የሚያጸድቀውን ፊት ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ሠላሳ አምስት ላይ እንደቆመ ይታያል። መስታወትም ያንኑ ያሳያል።

ከተማው ለመደው። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር የሚለቀቀው የጉልበት ድምፅ ሲሰማ ነው። የማያውቁትን ሰው «አንተ» ይበሉት ወይስ «እርስዎ» ለመወሰን ሰዎች መጀመሪያ ሳሉን ይጠብቃሉ፤ ሁለት ጠንቃቆች ከተገናኙ ሰላምታው አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ለቅሶ ቤት የሚሰቀለው ፎቶ የሟቹን የልጅ ልጅ ይመስላል። አንድ ቀን አንዲት ሴት አውቶቡስ ውስጥ የገዛ አያቷን «ወንድሜ፣ ጠጋ በልልኝ» ብላዋለች፤ አያትየውም ደስ ብሎት ተጠግቷል።

እነዚህን ፊቶች ከሚሠሩት አንዷ ሉባባ ይማም ነበረች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው የቀበሌው ፊት ክፍል አሥራ ሦስት ዓመት ሠርታለች።

ፎቶው ሲደርሳት መጀመሪያ በጭጋግ ትሸፍነዋለች። ከጦሳ ወርዶ ከተማውን እንደሚውጠው ያለ ጭጋግ ነው፤ መስመር ሁሉ ይጠፋና ቀለምና ብርሃን ብቻ ይቀራሉ፤ ጉንጭ ላይ ያረፈ ፀሐይ፣ ከዓይን ሥር የተኛ ጥላ። ይህን ወዝ ይሉታል። ቀጥላ ወዙን ከዋናው ፎቶ ላይ ትቀንሳለች። የሚተርፈው ቀለም የለውም፤ አመድ ላይ በመርፌ የተጫረ ይመስላል፦ የቆዳ ቀዳዳ፣ ሽፋሽፍት፣ ጠባሳ፣ ሽብሽባት። ይህን ደቃቅ ይሉታል። ሁለቱ ሲደራረቡ ሰው ይሆናሉ።

በድሮው ደንብ አስተካካይ የሚነካው ወዙን ብቻ ነበር። እንቅልፍ ያጣውን ሰው ጥላ ያነሣለታል፣ የቀላ አፍንጫ ያበርዳል፤ ደቃቁ ግን የባለቤቱ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የወጣው የጨዋነት ደንብ ይህን ገለበጠው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ደቃቁ ተነጥሎ መሳቢያ ይገባል፤ በምትኩ ለሁሉም አንድ የሆነ ለስላሳ ደቃቅ ይደረብለታል፤ ወዙም በሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ወዝ ይለወጣል። ሉባባ ራሷ አምና ተራዋ ደርሶ ነበር። በግራ ቅንድቧ ላይ የነበረችው እንደ ምስር ክብ ጠባሳ ከዚያ ወዲህ አልታየችም። በጣቷ ስትፈልጋት ግን ትገኛለች።

ያቺ ጠባሳ ታሪክ ነበራት። ባለፈው ክረምት አንድ አሳንሰር ሉባባንና አንድ የአሳንሰር ጠጋኝ ይዞ በሁለት ፎቅ መሐል ቆመ፤ መብራቱም ጠፋ። ጠጋኙ እንድሪስ ይባላል፤ አርባ ዓመቱ ነው። የአደጋ ጊዜ ቁልፉን በጨለማ በእጁ ሲፈልግ ቅንድቧ ላይ ያለችውን ክብ ጠባሳ አገኘና ሁለት ጊዜ ተጫናት።

«አይሠራም» አለ።

«ቅንድቤ ነው» አለች።

ሦስት ሰዓት አብረው ተቀመጡ። በሩ ሲከፈት ሁለቱም ለመውጣት አልቸኮሉም።

እንድሪስ ሉባባን ከአባቷ የሚጠይቁለትን ሽማግሌዎች በጥንቃቄ መረጠ። አቶ ሙሄ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ንግግር ያውቃሉ። አቶ ተገኘ ሰባ ስድስት ናቸው፤ ዝምታ ያውቃሉ። አቶ ኑርዬ ሰባ ስምንት ናቸው፤ ከሳቅ በቀር የሚያውቁት የለም፣ ግን ሰፈሩ በሙሉ ይወዳቸዋል። የሦስቱ ዕድሜ ሲደመር ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ይሆናል። የሉባባ አባት ደጃፍ ላይ ሲቆሙ ግን ለኳስ ቡድን መዋጮ ሊለምኑ የመጡ ሦስት ጎልማሶች ይመስሉ ነበር።

አባትየው አቶ ይማም ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከከተማው ጦሳ ጫፍ በሚወጣው የአየር ገመድ ላይ አርባ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እሳቸውና ሉባባ ለሁለት ነው የኖሩት። ሽማግሌዎቹን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ንግግሩ ጥሩ ነው» አሉ። «የተናገረው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ሙሄ!»

«ሙሄ መሆንህን አውቃለሁ። አብረን አይደል የተገረዝነው? ግን አፍህን ስትከፍት የማየው አንድ ጎረምሳ ነው። ልጄን የሚጠይቀኝ ሰው ግንባሩ ላይ የኖረበት ነገር ይታየኝ። ዓይኔ እሺ አላለኝም።»

አቶ ኑርዬ ሳቁ። ይህ አልረዳም።

በሁለተኛው ጊዜ ከዘራ ይዘው፣ በር ላይ ተራ በተራ ስለው ገቡ። አቶ ይማም ከዘራዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱና «አሁን ደግሞ ቲያትር ይዛችሁ መጣችሁ?» አሉ።

በዚያ ሰፈር ሽማግሌ የሚላከው ሦስት ጊዜ ነው። ሦስተኛው እምቢታ በሩን ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያው ሰው ስለዚያችው ልጅ ማንንም አይልክም። ሉባባ ያለ አባቷ ፈቃድ ማግባት ትችል ነበር፤ ሕግ አይከለክላትም። ግን ያለ ምርቃታቸው ከዚያ ቤት መውጣት አልሆነላትም።

«ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ፣ አባዬ» አለቻቸው።

«ለዚህ ነዋ! ሠላሳ ስድስት ዓመት የቆየች ልጅ በልጆች አፍ አትጠየቅም።»

ሦስተኛው ጉዞ ለእሑድ ተቀጠረ። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሉባባና እንድሪስ የፊት ክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳምቡሳ ይበሉ ነበር።

«የጎደለን ሽብሽባት ብቻ ነው» አለ እንድሪስ። «ለሦስት ሰው የሚበቃ።»

«እኔ ጋ ለአንድ ከተማ የሚበቃ አለ። ግን የሚመለሰው ለፍርድ ቤትና ለዕርቅ ብቻ ነው።»

«ሽምግልና ዕርቅ አይደለም እንዴ?»

«ከማን ጋር ተጣላን?»

እንድሪስ አሰበ። «ከአባትሽ ዓይን ጋር።»

ሉባባ ሳምቡሳዋን አስቀምጣ አየችው። ይህን ሰው የግድ ማግባት እንዳለባት ያን ጊዜ ይበልጥ ተረዳች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊት ክፍል መጡ። ቅጹ «ምክንያት» አለ፤ ሉባባ «ዕርቅ» ብላ ጻፈች። ቅጹ «ከማን ጋር?» አለ፤ «ከአቶ ይማም ዓይን ጋር» ብላ ጻፈች። ቅጹ አመሰገናትና ከፈተላት።

መጀመሪያ አቶ ተገኘ ተቀመጡ። ሉባባ ለስላሳውን አንሥታ የራሳቸውን ደቃቅ ደረበችላቸው። ከአፍንጫቸው ግራና ቀኝ ሁለት ጥልቅ መስመሮች ወረዱ፣ ከዓይናቸው ጥግ ደግሞ እንደ ዶሮ እግር ያለ ተዘረጋ። የተነጠለው በሃምሳ አራት ዓመታቸው ስለነበር ለቀረው ዕድሜ ትንሽ ጥልቅ አደረገችው። አቶ ተገኘ መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ለካ ይህን ያህል ተክዣለሁ» አሉ በኩራት።

አቶ ኑርዬ ከመቀመጣቸው በፊት ሳቁ። ደቃቁ ሲደረብ ፊታቸው በሙሉ የሳቅ መንገድ ሆነ፤ አንዱ ሽብሽባት ሲንቀሳቀስ ሌሎቹ ሁሉ ይከተሉታል። «ወይ እኔ! ወላሂ አባቴ መጣ!» አሉና መስታወቱን ሳሙት።

የአቶ ሙሄ መዝገብ ሲከፈት ግን ሉባባ እጇ ቆመ። ግንባሩ ላይ አመድ ብቻ ነበር። ምንም አልተጫረበትም።

«አባባ ሙሄ፣ ግንባርዎ ላይ ምንም የለም።»

«ምን ላድርግ ልጄ? ተናድጄ አላውቅም። የሚናደዱልኝ ሦስት ወንድሞች ነበሩኝ።»

«በሰማንያ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ?»

«አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ራበኝና ተውኩት።»

አቶ ኑርዬ ወንበሩን ይዘው ሳቁ። አቶ ተገኘ በአዲሱ ፊታቸው ተከዙ። ተናጋሪው ሙሄ ናቸው፤ አቶ ይማም የሚያዩት እሳቸውን ነው። የፊት መስመር ፈጥሮ መሳል በደንቡ ከሥራ ያስባርራል። ለአንድ ሳምንት መዋስ ግን ይቻላል።

የመማሪያው መሳቢያ ውስጥ ደንቡ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ከተነጠሉት ደቃቆች ላይ የተገለበጡ አራት ሺህ ግንባሮች ነበሩ። ስማቸው ተቆርጦ ጀማሪዎች እጃቸውን የሚያፍታቱባቸው ናቸው። ሉባባ አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው። የቁጡ ሰው ግንባር ነበር፣ የፈሪ ግንባር ነበር፣ በብድር የኖረ የሚመስልም ነበር። ሁሉንም አለፈች። ከዚያ አንዱ ላይ ቆመች።

አምስት መስመር ነበረው። ሦስተኛው መሐል ላይ ተበጥሶ፣ ዝቅ ብሎ፣ እንደገና ይቀጥላል፤ የተቋጠረ ገመድ ይመስላል። የኮስታራ ግንባር አይደለም፤ ወደ ላይ ሲያይ የኖረ ሰው ግንባር ነው። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ሰውነቷ ሁሉ ዘና አለ። በአሥራ ሦስት ዓመት ሥራዋ ስንት ሺህ ግንባር አይታለች፤ እንዲህ ያመነችው አልነበረም።

«ይህን ያየ ሰው እምቢ አይልም» አለች፤ አቶ ሙሄ ላይም ደረበችው።

አቶ ሙሄ መስታወቱን አይተው ድምፃቸው ወፈረ። «አብሽሪ ልጄ» አሉ። «በዚህ ግንባር አገር ይገዛበታል።»

እሑድ ረፋድ ላይ ሦስቱ ከቤት ወጡ። እስከ አቶ ይማም ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው።

መጀመሪያ የመንገድ ጠራጊዋ መጥረጊያዋን ጥላ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። ቀጥሎ አንድ አውቶቡስ ያለ ፌርማታው ቆመና ተሳፋሪው በሙሉ ከወንበሩ ተነሣ፤ እነሱ ግን መሳፈር አልፈለጉም ነበር። ልጆች እንደ ብርቅ ከበቧቸው። አንዷ ትንሽ ልጅ የአቶ ተገኘን ጉንጭ ነክታ «ለስላሳ አይደለም፣ ለስላሳም አይመስልም!» ብላ ጮኸች፤ ዓይኗና ጣቷ በአንድ ነገር ሲስማሙላት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ጥግ ላይ በአጥር የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች ሮጠው መጡና «አስታርቁን» ብለው ሽማግሌዎቹ እግር ሥር ድንጋይ አስቀመጡ። ስምንት ዓመት የሚሸመግላቸው አጥተው ነበር። አቶ ሙሄ ሁለቱንም ሰሙና ግንባሩን ቋጠር አድርገው «አጥሩን አፍርሱትና ጎመን ትከሉበት» አሉ። ጎረቤቶቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። አቶ ሙሄም ግንባሩ ምን ያህል እንደሚችል ማመን አቅቷቸው፣ ሳይጠየቁ ሌላ ሁለት ጠብ ፈልገው አስታረቁ።

አቶ ይማም ቤት ሲደርሱ በክብር ሰክረው ነበር።

በሩ ተከፈተ። አቶ ይማም ወንበራቸው ላይ እንዳሉ እምቢታቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ ግን ሦስቱን ሲያዩ ሳይታወቃቸው ተነሡ። «ተቀመጡ» አሉ። ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት አልተቀመጡም፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። ሉባባ የጓዳውን በር በጣት ስፋት ከፍታ ቆማለች። እንድሪስ ውጭ፣ ከግንቡ ጀርባ፣ የጫማውን ማሰሪያ ለሰባተኛ ጊዜ ያስራል።

አቶ ሙሄ ጀመሩ። ስለ ትዳር ተናገሩ፣ ስለ ጉርብትና ተናገሩ፣ ስለ አሳንሰር ጥገና እንኳ ያማረ ነገር ተናገሩ። አቶ ይማም አልሰሙም። ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይቆጥሩ ነበር። አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

«ሙሄ፣ እስቲ ዝም በል። ጎንበስ በልልኝ።»

አቶ ሙሄ ጎንበስ አሉ። አቶ ይማም ቀኝ እጃቸውን የሙሄ ግንባር ላይ፣ ግራ እጃቸውን የራሳቸው ላይ አሳረፉ። ትኩሳት የሚለካ ሐኪም ይመስሉ ነበር።

«ዓይኔ እዚህ ነው ይላል» አሉ ቀኛቸውን ጫን አድርገው። ከጣታቸው ሥር ያለው ቆዳ እንደ ሳህን ልሙጥ ነበር። «ጣቴ ግን እዚህ ነው ይላል።» ግራቸው የሦስተኛውን መስመር ስባሪ አገኘ። «የአየር ገመዱ መንጠቆ የመታኝ በሁለት ሺህ ሃምሳ ስምንት ነው። አንተ ያን ቀን ታች ቆመህ በቆሎ ትበላ ነበር።»

«የተጠበሰ ነበር» አሉ አቶ ሙሄ።

«ይህ ግንባር የኔ ነው።»

አቶ ኑርዬ እንኳ አልሳቁም።

«ግንባሬን ሰርቃችሁ፣ በገዛ ግንባሬ ልጄን ልትጠይቁኝ መጣችሁ?»

ሦስተኛው እምቢታ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ሉባባ የጓዳውን በር ከፍታ ወጣች።

«እነሱ አያውቁም፣ አባዬ። የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ስሜን አይተሽ?»

«ስም የለውም። ያንተ መሆኑን አሁን ነው የሰማሁት።»

«ከስንት መሐል?»

«ከአራት ሺህ።»

«እና ለምን ይሄን?»

ሉባባ የሙሄን ግንባር አየች፤ ከዚያ የአባቷን ለስላሳ ፊት አየች። ደንቡ ሲወጣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ በፊት በየማታው፣ ከገመዱ ሲወርዱ፣ ያን ግንባር ስማ ነበር የምትቀበላቸው።

«ይህን ያየ ሰው እምቢ አይልም ብዬ» አለች።

አቶ ይማም እጃቸው በሁለቱ ግንባሮች ላይ እንዳለ ቆዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሉባባ የሚያለቅሱ መስሏት አንድ እርምጃ ተጠጋች። ሳቅ ነበር። ከሆድ ተነሥቶ ቀስ እያለ የወጣ፣ ጫፍ ሲደርስ የፈነዳ።

«እኔን ለማሳመን እኔኑ አመጣሽብኝ! ታዲያ ራሴን እንዴት እምቢ ልበለው?» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሃያ ሁለት ዓመት ፈልጌዋለሁ እኮ! በጣቴ አገኘዋለሁ፣ በመስታወት አጣዋለሁ። ጃጅቷል እንዳልባል ለሰው መናገር አፍሬ...»

ከዚያ ቀና አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ሽማግሌዎቹ መለሱ።

«ጥሎሽ እጠይቃለሁ።»

«ይጠየቃ!» አሉ ሙሄ።

«ወርቅ አልፈልግም፣ ልብስም አልፈልግም። ልጄን ውሰዱ፤ ግንባሬን መልሱ።»

አቶ ኑርዬ ከዚህ በላይ አልቻሉም። ወጉን ጥሰው፣ ሳይፈቀድላቸው፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡና እስኪበቃቸው ሳቁ። ከግንቡ ጀርባ እንድሪስ ሳቁን ሰምቶ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም፤ እንዲያው ዘሎ ግንቡ ላይ ወጣ። ያልታሰረ ጫማው ውጭ ቀረ።

ሠርጉ ከወር በኋላ ሆነ። ሉባባ የአባቷን ግንባር ከገዛ መዝገባቸው አውጥታ፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ወዛቸው ፈንታ የዛሬውን ወዛቸውን አዘጋጅታ፣ ሁለቱን በእጇ ደረበች። ቅጹ ከማን ጋር እንደሚታረቁ ሲጠይቅ አቶ ይማም «ከመስታወት ጋር በይው» አሏት። የራሷንም ጠባሳ መለሰች። እንድሪስ በሠርጉ ቀን ዓይኖቿን ሊያይ ቀርቦ ቅንድቧ ላይ ደነገጠ።

«ቁልፉ!» አለና በሙሽራ ጣቱ፣ በሕዝብ ፊት፣ ሁለት ጊዜ ተጫነው።

«አሁንስ ይሠራል?» አለች።

ይሠራ ነበር። ከበሮው የተመታው በዚያች ቅጽበት ነው።

በሚቀጥለው እሑድ የአቶ ይማም በር ተንኳኳ። ከሌላ ሰፈር የመጡ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሠላሳ አምስት ይመስላሉ፣ ጉልበታቸው ግን ደረጃው ላይ ሲንቋቋ ተሰምቷል። ተቀመጡ ቢሏቸው አልተቀመጡም።

«ልጅ ከሆነ የለኝም» አሉ አቶ ይማም። «ዳርኳት።»

«ልጅ አይደለም» አለ መሪያቸው። ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለአንድ ጉዳይ ሽማግሌ ተብለን ተልከናል። እና ሰው ሁሉ የሚያወራለትን ግንባርዎን... ለሦስት ቀን ብቻ፣ በአደራ...»

አቶ ይማም ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ቀስ ብለው ተደላደሉ፤ አምስቱን መስመሮች አንድ በአንድ ወደ ላይ አነሡ፤ ሦስተኛው ሰባራ ላይ ትንሽ ቆዩበት።

«ይታሰብበታል» አሉ። «በሳምንቱ ተመለሱ።»